የአፎቻው ዘይት

ሐረር፣ ኤረር በር፣ ረፋድ አራት ሰዓት። ድስት የሚባለው ሰውዬ ከባጃጅ ወርዶ የሳምቡሳው መጥበሻ ፊት ቆመ።

«ዘይቱ ለመጥበሻ ነው ለመኪና?» አለ።

«እንደ ዋጋው» አለ ጠባሹ፣ ማንኪያ።

የይለፍ ቃሉ ልክ ነው። ማንኪያ ሁለት ሳምቡሳ በጋዜጣ ጠቅልሎ ሰጠው። በጋዜጣው እጥፋት ውስጥ ሚሞሪ ካርድ አለ። ካርዱ ላይ ደግሞ ጓዳ የተደረደሩ የአሥራ አንድ ጀሪካን ዘይት ፎቶ።

የማንኪያ እውነተኛ ስሙ ኒቆዲሞስ ነው፤ የተደበቀ የዘይት ክምችት የሚያድነው የገበያ ግብረ ኃይል ሰላይ። ድስት አለቃው ነው። የምስጢር ስሞቹን ያወጣው ኮሚቴ ምሳ ሳይበላ የተሰበሰበ ይመስላል። የሳምቡሳ ቤቱ ባለቤት እትዬ ናፊያ ግን የሚያውቁት ኡራኤል ብለው ነው፤ ሥራ ፍለጋ የመጣ ምስኪን። በሦስት ሳምንት ውስጥ አንድ ቀን ምሳ ሳያበሉት ቀርተው አያውቁም።

ከሰዓት በኋላ ሴቶች መምጣት ጀመሩ። እያንዳንዷ በሃይላንድ ዘይት ይዛለች፤ አንዷ ግማሽ፣ አንዷ ሩብ። ጓዳ እየገቡ ጀሪካን ላይ ይገለብጣሉ።

የፈላ ዘይት የኒቆዲሞስ እጅ ላይ ፈነጠቀ። አልተሰማውም።

«ምንድነው ይሄ?» አላት ሙናን፣ የእትዬ ናፊያን ልጅ።

«የአፎቻችን ነዋ! አቦ፣ ሐረር ተቀምጠህ አፎቻ አታውቅም? ለሰርግም ለሐዘንም የምንረዳዳበት። የናንተን ዕድር በለው። ዘይት እንዲህ ተወዶ ማን ባንዴ ይገዛል? ከረመዳን ጀምረው በየወሩ ለሰርጌ እያጠራቀሙ ነው። ኢንሻአላህ አሥራ ሁለተኛው ዛሬ ይሞላል።»

ሽንት ቤት ገብቶ ደወለ።

«ድስት፣ ፍተሻውን አስቁመው። ክምችት አይደለም። የአፎቻ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ታውቃለህ?»

«ሚስቴ እኮ የሐረር ልጅ ናት። ፎቶውን እንዳየሁ ገባኝ።» ድስት ሳምቡሳ እያኘከ ነበር። «የመጀመሪያው ሪፖርትህ ትዝ ይልሃል? ‹ፓልም የሚያመርቱት አገሮች ዘይቱን ከናፍጣ ጋር ቀላቅሉ የሚል ሕግ አወጡ፤ መኪና ከእኛ መጥበሻ ቀድሞ ጠጣው፤ ዋጋው የናረው ለዚህ ነው› ብለህ ጻፍክ። ልክ ነህ። ግን የሰው አገር ሕግ እንዴት ተደርጎ በካቴና ይታሰራል? በላይ ያሉት ፊት ያለው ጥፋተኛ ነው የፈለጉት።»

«እናገራለሁ።»

«ከፎቶው ጋር ያለው ፊርማ ያንተ ነው። ከተናገርክ የሐሰት ጥቆማ ይሆናል፤ የምትታሰረው አንተ ነህ።»

ውጭ የፖሊስ ፒክአፕ ቆመ።

በቃ።

ጀሪካኖቹ አንድ በአንድ ወጡ።

«የአፎቻ ነው» አሉ እትዬ ናፊያ።

«ሁሉም የሚለው አያጣም» አለ ኢንስፔክተሩ። ወደ ኒቆዲሞስ ዞረ። «አንተ፣ ሠራተኛው። የማነው ዘይቱ?»

ኒቆዲሞስ አፉን ከፈተ።

«አላውቅም።»

«ልጁን ተዉት!» አሉ እትዬ ናፊያ፣ ፖሊሶቹ እየገፉ ፒክአፑ ላይ ሲያወጧቸው። «ወላሂ ከመጥበሻው ሌላ የሚያውቀው ነገር የለም። ኡራኤል፣ ምሳህን ከድኜልሃለሁ፤ ብላ!»

መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። የሐረር ድንጋይ ግን ጠንካራ ነው።

አመሻሹ ላይ ሙና ዐይኗ አብጦ መጣች።

«ነገ ሦስት ሰዓት ጣቢያ እንሄዳለን። ምስክር ብለን ያስመዘገብነው አንተን ነው። እኛ የአፎቻው ሰዎች ስለሆንን አያምኑንም። አንተ ግን ባዳ ነህ፤ ሲገለብጡ በዐይንህ አይተሃል። ትመጣለህ አይደል?»

«እመጣለሁ።»

«ጀዛከላህ፣ ወንድሜ።»

በማግስቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ የድሬዳዋ ሚኒባስ ውስጥ ነበር። ሬዲዮው በሐረር በሕገወጥ መንገድ የተከማቸ ዘይት መያዙን አበሰረ።

«እሰይ! አሁን ይረክሳል» አለ አንድ ተሳፋሪ።

«ዛሬ ጠዋትም ጨምሯል እኮ» አለችው አንዲት ሴት ከኋላ።

ሦስት ሰዓት ከአምስት። ስልኩ ጠራ። ሙና።

ደግሞ ጠራ።

«አንሳው እንጂ ልጄ፣ የቸገረው ሰው ይሆናል» አሉ አጠገቡ የተቀመጡት ሽማግሌ።

«ተሳስተው ነው፣ አባባ» አለ ኒቆዲሞስ። ሲም ካርዱን አወጣና ለሁለት ሰበረው።