ሰኞ የታጠበው ሹራብ

እኔ ማብል የገበሬ ልጅ ነኝ። ባሕር ያየሁት በሃያ ዓመቴ ነው፤ ጦርነቱ ወንዶቹን ወስዶ በእንግሊዝ ግሪምስቢ ወደብ የዓሣ መረብ የሚሠራ እጅ ሲጠፋ።

የመጀመሪያ ሳምንቴ ላይ አንድ ረጅም መርከበኛ የመረብ ቋጠሮዬን ጎንበስ ብሎ አየና «ይኼ ዓሣ ሊይዝ ነው ወይስ ላም ሊያስር?» አለኝ።

«አንተን ካሰረ ይበቃኛል!»

ከአፌ አምልጦኝ ነው። እስከ ጆሮዬ ቀላሁ። እሱ ግን አልሳቀም፤ ዓይን ዓይኔን አየኝ፤ እኔም ዓይኔን መንቀል አቃተኝ።

ሴፕ ይባላል። እናቱ ወይዘሮ ብላንቻርድ ክፍል እንደሚያከራዩ የነገረኝም እሱ ነው፤ እዚያው ተከራየሁ። ባላቸውንና ሁለት ልጆቻቸውን ባሕር ወስዶባቸዋል። እኔን ደግሞ ገና ከበሩ ላይ አልወደዱኝም። «የከብት አርቢ ልጅ የመርከበኛ ሚስት አትሆንም» ይሉ ነበር፣ እየሰማሁ።

ሴፕ ዓሣ ያወጣባት በነበረችው መርከብ አሁን ጠላት ባሕር ውስጥ ያጠመደውን ፈንጂ ይጠርጋል። ሁለት መርከቦች በመካከላቸው የብረት ገመድ ይዘረጉና ጎን ለጎን ይጓዛሉ። ፈንጂው ገመዱ ላይ ከመጣ እሰየው። ከመርከቧ ሆድ ሥር ከመጣ ግን ወሬ ነጋሪም አይተርፍ። ይህን ካወቅሁ ጀምሮ በር በተንኳኳ ቁጥር ሮጬ እከፍታለሁ።

አንድ ሰኞ ጠዋት ሴፕ ሲወጣ አሮጌ ሹራቡን ወንበር ላይ ጥሎ ሄደ። እኛ አገር ሰኞ የእጥበት ቀን ነው፤ ሰኞ ያላጠበች ሴት ሰነፍ ትባላለች። እናቱ ይወዱኝ እንደሆን ብዬ ሹራቡን ደህና አድርጌ አሽቼ አጠብኩና ጓሮ አሰጣሁት።

ወይዘሮ ብላንቻርድ ከገበያ ተመልሰው ሲያዩት ዘንቢላቸው ከእጃቸው ወደቀ።

«ዛሬ? ዛሬ አጠብሽው?»

«ሰኞ አይደል እንዴ?»

«አንቺ ልጅ! ሰው ወደ ባሕር በወጣበት ቀን ልብሱ አይታጠብም! ሰውየውም አብሮ ታጥቦ ይሄዳል! ልጄን አጠብሽብኝ!»

ክው አልኩ። የገጠር ሰው ነኝ፣ እንዲህ ያለ ነገር አላምንም ልል ነበር። ግን ማታ እጄ ሳሙና ሳሙና ይሸተኝ ነበር፤ ገደልኩት፣ በገዛ እጄ ገደልኩት እላለሁ።

ረቡዕ ወደቡ ላይ ወሬ ደረሰ። ከሁለቱ መርከቦች አንዷን ፈንጂ መቷታል። የትኛዋ? የሚያውቅ የለም።

እናቱ አልተቆጡኝም። ምነው በተቆጡኝ! ሹራቡን ከገመዱ አውርደው «ነይ» አሉኝ። ወደቡ ጫፍ ድረስ ሄድን። አንዱን እጅጌ እኔ፣ አንዱን እሳቸው ይዘን፣ ማዕበሉ እንዳይነጥቀን እየታገልን ሹራቡን ባሕር ውስጥ ነከርነው።

«ይኸው ከሹራቡ ያጠብነውን ጨውሽን መለስንልሽ» አሉ ባሕሯን። «አንቺም የኛን መልሺ።»

ያን ጊዜ ነው ክንዴ ላይ ተደግፈው እንደቆሙ ያወቅሁት።

ሐሙስ ቀትር ላይ አንዲት መርከብ ጭስ ማውጫዋ ተጣሞ እያነከሰች ገባች። ሴፕ ብርድ ልብስ ተከናንቦ ቆሟል። ሲወርድ እናቱ ደረቱን በቡጢ መቱትና አለቀሱ። እኔ እርጥቡን ሹራብ እንዳቀፍኩ ደርቄ ቀረሁ።

«በብርድ ለሞተ ሰው እርጥብ ሹራብ?» አለኝ።

ሳቅኩ መሰለኝ። ሴፕ ግን ይዞኝ ያለቅስ ነበር።

የተመታችው ጓደኛዋ መርከብ ናት። ሴፕ ወገቡ ላይ ገመድ አስሮ ባሕር ውስጥ ዘሎ ሦስት ሰዎች አወጣ። በጸደይ ሜዳልያ ተሸለመ። ሰፈሩ ሲያጨበጭብለት ኪሱ ከተተውና ወደ ጓሮ ወጣ። ተከተልኩት።

«ሦስት አወጣህ ይሉኛል» አለ። «ስድስት ነው የተውኩት፣ ማብል። አንደኛው ስሜን እየጠራ ነበር።»

እጁን ያዝኩ። እጄን ሳይለቅ «ልብሴን ዕድሜ ልክሽን ታጥቢልኛለሽ?» አለኝ።

«ቀኑን እናትህ ከመረጡልኝ።»

«ማክሰኞ ይሁን!» አሉ እናቱ ከመስኮት። ለካ ሲሰሙን ኖረዋል።

ጦርነቱ እስኪያልቅ ሴፕ አርባ ጊዜ ወደ ባሕር ወጣ፤ አርባ ጊዜ የልብስ ማጠቢያ ገንዳዬን ደፍቼ ላዩ ላይ ተቀመጥኩ።

ሴፕ ባለፈው ክረምት በሰባ ሁለት ዓመቱ፣ አልጋው ላይ፣ እጄን እንደያዘ አረፈ። ልጃችን በዚያው ቀን ሜዳልያውን ከመሳቢያ አወጣችው። ጠቁሯል።

«ለቀብሩ ላጥበውና ያብረቅርቅ፣ እማዬ» አለች።

«ተይው» አልኳት። «አባትሽ የወጣው ዛሬ ነው።»