አቤት ያልኩት ለማን ነው?

ያላመነ ይተወው፤ ልለማመጠው አልመጣሁም። በራሴ ጆሮ የደረሰ ነው።

ከቀኑ አምስት ሰዓት። ፀሐይዋ ቦግ ብላለች። እኔ የጆሮ ምርመራ ክፍል ውስጥ ነኝ።

ከሦስት ሳምንት በፊት ጉንፋን ይዞኝ ሲለቀኝ የቀኝ ጆሮዬ ድፍን አለ። ጭራሽ አይሰማም። ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። ስልክ መልስ ሰጪ ሆኜ ልቀጠር የቀረኝ አንድ ወረቀት ነበር... «ሁለቱም ጆሮዋ ይሰማል» የሚል።

አስተማሪ ሳይኖረኝ፣ ብቻዬን ተምሬ እዚህ ደርሼ... በአንድ ጆሮ ልቅር? ሞቼ ነው ቆሜ!

መርማሪው ሸምገል ያሉ ሰው ናቸው። ቁም ሣጥን የምታክል፣ ግድግዳዋ ስፖንጅ የለበሰ ክፍል ውስጥ አስቀመጡኝ። ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ፣ ባለገመድ ቁልፍ እጄ ላይ።

«ጢጥ የሚል ስትሰሚ ተጫኚ። አቤት እንደማለት ነው። እዚህ ጠረጴዛዬ ላይ መብራት ይበራልኛል።»

«ካልሰማሁስ ጋሼ?»

«ዝም ነዋ! ላልጠራሽ ሰው አቤት ትያለሽ እንዴ?»

በሩ ተዘጋ።

ግራው ቀላል ነበር። ጢጥ... ተጫንኩ። ጢጥ... ተጫንኩ።

ቀኙ ላይ ደረስን።

ጸጥ።

በመስታወቱ አሻግሬ አየኋቸው። ድምፅ ሲልኩ ትከሻቸው ከፍ ይላል። እኔ ማን ነኝ? ትከሻቸው ከፍ ባለ ቁጥር ተጫንኩ።

በግራ ጆሮዬ ድምፃቸው መጣ። «አታፍጪብኝ እንጂ! የምመረምረው ጆሮሽን ነው።»

መጋረጃውን ሳቡት።

ከዚያ ወዲያ በግምት ሆነ። ተጫንኩ... ቆየሁ... ተጫንኩ።

አምስተኛው ላይ ቀኙ ሰማ።

ጢጥ አይደለም። ትንፋሽ ነው።

ዳነልኝ! ብዬ ተጫንኩ።

ትንፋሹ ቀረብ አለ።

ተጫንኩ።

አሁን ከማዳመጫው ሳይሆን ከማዳመጫው ወዲህ ነው... ከውስጥ። እናቴ ብቻ በምታውቀው የቁልምጫ ስሜ ጠራኝ።

ጣቴ ቀድሞኝ ተጫነ።

በሩ ብርግድ አለ። የመርማሪው ፊት አመድ መስሏል።

«ልጄ... ለማን ነው አቤት የምትይው?»

«እርስዎ ለላኩት ነዋ!»

«እኔ እኮ ድምፁን ካጠፋሁት ቆየሁ።»

ማዳመጫውን ወርውሬ፣ ቁልፉን ግድግዳው ላይ ካለው መንጠቆ ሰቅዬ ወጣሁ። ኩራቴ እንደ ጨው ሟሟ።

«ጋሼ... ዋሽቼ ነው። ቀኙ አይሰማም። ሥራው እንዳያመልጠኝ ብዬ...»

ዓይናቸው ጠረጴዛው ላይ ነው።

መብራቱ በራ።

ዞረን አየን። ክፍሏ ባዶ። ቁልፉ መንጠቆው ላይ።

ጠፋ። ደግሞ በራ።

ሽማግሌው ወረቀቴን አነሱ። እኔ እኔ መሆኔን ለማረጋገጥ ይመስል፣ በሹክሹክታ ስሜን ጠሩ።

አፌን አልከፈትኩም። እምላለሁ፣ አልከፈትኩም።

መብራቱ በራ።

በቀኝ ጆሮዬ... በራሴው ድምፅ... ቀስ ብሎ...

«አቤት።»