ከካርዱ ላይ የተሰረዘው ምሳሌ

«ማንን አስፈቅደሽ ነው ይህን የጻፍሽው?»

ክብሪት ካርዱን ጓደኛዋ አፍንጫ ሥር ደቀነችው። ክርክሩ ሊጀመር አሥር ደቂቃ ቀርቶታል። አዳራሹ በር ላይ «ፅንስ ከመጀመሪያው ቀን አንስቶ ሙሉ ሰው ነው» የሚል ርዕስ ተለጥፏል። ለሁለቱ በዕጣ የደረሳቸው መቃወም ነው።

«ስም አልጠራሁም እኮ!» አለች ሬዲዮ። ሬዲዮ ያሏት አንዴ ከተከፈተች ስለማትዘጋ ነው፤ ክብሪትን ደግሞ ቶሎ ስለምትቀጣጠል። «‹አንዲት የማውቃት ፀጉር ሠሪ› ነው ያልኩት። ምን ታካብጃለሽ?»

«ከትምህርት ቤቱ ፊት ለፊት ስንት ፀጉር ሠሪ አለች? አንድ! ፎቶዋንስ ለምን አልለጠፍሽበትም?»

ያቺ ፀጉር ሠሪ የክብሪት ታላቅ እህት ናት። አምና ፅንስ ያቋረጠች ጊዜ እናታቸው «የልጅ ልጄ ነበር» ብላ አለቀሰች። እህቷም «የኔስ ሕይወት ሕይወት አይደለም?» ብላ አለቀሰች። መሃል የተቀመጠችው ክብሪት ሁለቱም እውነት መሰሏት፤ ዛሬም ይመስሏታል። ይህን ሁሉ ለሬዲዮ የነገረቻት ደግሞ ሌላ ማንም አይደለም፣ ራሷ ናት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ መሆኑን እያወቀች! ከሬዲዮ ይልቅ በራሷ በገነች።

የትምህርት ቤቱ ክርክር ክለብ ደንብ ግልጽ ነው። እያንዳንዱ ቡድን ከእውነተኛ ሕይወት የተወሰደ አንድ ምሳሌ በካርድ ጽፎ መድረክ ላይ ይናገራል። ካልተናገረ አሥር ነጥብ ይቀነስበታል።

የደጋፊው ቡድን ተናጋሪ ቀድሞ ወጣ። «ራሱ መናገር ለማይችለው ማን ይናገርለት?» ሲል ክብሪትን ራሷን አንጀቷን በላት። ቀጥሎ ግን «ይህን የሚያደርጉ ሴቶች ነፍሰ ገዳዮች ናቸው!» አለ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። እህቷ ስንት ሌሊት ትራሷን ነክሳ እንዳለቀሰች ከነዚህ አጨብጫቢዎች አንዱም አያውቅም። ክብሪት ደሟ ፈላ።

«አሁን ንገሪያቸው!» ሬዲዮ በክርኗ ጎሸመቻት። «ጸጥ ነው የሚሉት!»

እውነቷን ነው፣ ዛሬ ጸጥ ይሉ ነበር። ነገ ግን የፀጉር ቤቱ መስኮት ላይ ይለጠፋሉ።

ምሳሌውን ከካርዱ ላይ በእስክሪብቶ ሰርዛ መድረኩ ላይ ወጣች። 

«ፅንስ መቼ ሰው እንደሚሆን የኛ ቤት ሰዎች እንኳ አልተስማሙም። እኔም አላውቅም። የጓደኛችን ንግግር ነክቶኛል፣ አልዋሽም። ግን እናንተ ያጨበጨባችሁት ለፅንሱ አይደለም፤ ሴት ስትሰደብ ነው!»

«ምሳሌሽስ?» አሉ ክርክሩን የሚዳኙት መምህር።

«ሰርዤዋለሁ፣ ቲቸር።»

«አሥር ነጥብ ይቀነስብሻል።»

«ይቀነስ።»

በአራት ነጥብ ተሸነፉ። ሬዲዮ «ባንቺ ምክንያት!» ብላ አኩርፋ ሄደች። ክብሪት እንባዋን እየጠረገች መንገዱን ተሻግራ ፀጉር ቤቱ ገባች። እህቷ ከፀጉር ማድረቂያው ካስክ ሥር የተነሳችውን የመጨረሻ ደንበኛ ፀጉር እያበጠረች ነበር።

«አሸነፋችሁ?»

«ተሸነፍን።»

«ታዲያ ምን አስለቀሰሽ? ዓለም አለቀ እንዴ?» ብላ ሳቀችባት።

ክብሪት ደንበኛዋ እስክትወጣ ጠበቀች። ከዚያ በሩን ዘጋች።

«እታለም፣ ቁጭ በይ እስቲ። ያንን ያንቺን ነገር ለሰው ተናግሬያለሁ።»

የእህቷ ሳቅ ደረቀ። ማበጠሪያውን ቀስ ብላ አስቀመጠች።

«ለማን?»

ክብሪት አንድም ሳትደብቅ ከመጀመሪያው ጀመረች።