ከመርዶ የቀደመ ነጠላ

የወይዘሮ ወለተ ሰንበት አስከሬን ደምበጫ በሚገኘው የልጃቸው ቤት አልጋ ላይ ተዘርግቷል። ልጃቸው የኔአለም «ከምስክርነት መልሼ አስተኛኋት፣ በዚያው ቀረች!» እያለች ደረቷን ትደቃለች። ኢንስፔክተር ሥራነሽ ከንፈራቸውን ገለጥ አደረገች፤ ከውስጥ ተሰንጥቋል። ትራሱን ገለበጠችው፤ ደም ነክቶታል። ታፍነው ነው የሞቱት።

ጠቡ የመሬት ነው። የልጅ ልጃቸው ትሕትና የሟች አባቷን ማሳ ይዞ አልለቅም ያለውን መሳፍንትን፣ የየኔአለምን ባል፣ ደብረ ማርቆስ ከሳዋለች። ያሏት ምስክር አያቷ ብቻ ናቸው። ፍርድ ቤቱም አሮጊት አናንገላታ ብሎ ከደምበጫ በስክሪን እንዲመሰክሩ ፈቀደ። ፍትሕን ደጅ ድረስ ማምጣት ይሉታል፤ እናትን ከልጅ የማይለይ ስክሪን ተክለው! ዛሬ ጠዋት በዚያ ጭጋጋም ስክሪን ላይ አንዲት የተከናነበች ሴት ብቅ ብላ፣ በሚቆራረጥ ድምፅ «መሬቱ የመሳፍንት ነው» አለች። ክሱ ውድቅ ሆነ።

ትሕትና ከማርቆስ ስትደርስ ሬሳውን ቆማ አየችው። ነጠላዋን እንኳ አላዘቀዘቀችም።

«እማማ ሸጣኛለች። አላለቅስላትም» አለች።

ሥራነሽ የልጅቷን ነጠላ ትንሽ አስተዋለችና ደምበጫ ፍርድ ቤት ወዳለው የስክሪኑ ክፍል ሄደች። ባለሙያው አንሙት ለአገሩ እንግዳ ነው።

«ስንት ሰው መጣ?»

«አንዲት ሴት። የወይዘሮ ወለተ ሰንበትን መታወቂያ አሳየችኝ።»

«ደግፋ ያመጣቻቸው ልጅስ?»

«ማንንም አላየሁም። ብርድ ይዞኛል ብላ ፊቷን አልገለጠችም። መስመሩ ሳይቋረጥ ብዬ ቶሎ አስቀመጥኳት።»

«ቅጂውን ክፈትልኝ።»

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም እዚያው ሰበሰበቻቸው። ዳኛውም በስክሪኑ ቀረቡ።

«ክቡር ዳኛ፣ ጠዋት ቃላቸውን ተቀበልኩ ያሏቸው ሴት ያን ጊዜ ሞተው ነበር» አለች ሥራነሽ። «የኔአለም እናቴን ደግፌ ወሰድኩ ትላለች፤ አንሙት ያየው አንዲት ሴት ነው። መሳፍንት ደግሞ ደብረ ማርቆስ ችሎት ፊት ቆሞ ነበር። አሁን ይህን እዩ።» ምስሉን አቆመችው። «የነጠላው ጥለት አንገቷ ላይ ነው። ተዘቅዝቋል። ትሕትና፣ ቤታችሁ ሐዘን ነበር?»

«የለም። የአባቴም ሐዘን ከወጣ ቆየ።»

«ታዲያ መርዶ ሳይሰማ ይህች ሴት ለማን አዘነች? ሟች መኖሩን የምታውቀው ገዳይዋ ብቻ ናት።»

የየኔአለም እጅ ወደ አንገቷ ሄደ።

«ልብ አላልኩትም» አለች። «እጄ ነው፤ በልማዱ አዘቀዘቀው።»

«ዝም በይ አንቺ!» ጮኸ መሳፍንት።

«ምን ዝም እላለሁ! እናቴ ለትሕትና እንጂ ለእናንተ አልመሰክርም አለች። ለመንኳት፣ እግሯ ላይ ወደቅሁ። የልጄን ልጅ አልክድም አለችኝ!»

ትሕትና ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ አለች።

ዳኛው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «መዝገቡ እንደገና ይከፈታል። ትሕትና፣ ቀጠሮሽ በስልክ ይላክልሻል፤ ሳትደክሚ እዚሁ በስክሪን...»

«አልፈልግም! እግር አለኝ፣ ማርቆስ እመጣለሁ። ፊቴን ቀርበው ያዩታል።»

ተነሣች። ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደች፤ ጥለቱን ወደ አንገቷ አዙራ ለበሰችው። ከዚያ «እማማዬ!» ብላ እየጮኸች አስከሬኑ ወዳለበት ቤት ሮጠች።