ከባዱ ፍሪሲዮን

«እሺ መካኒኳ፣ ነጩ ይሻላል ወይስ ግራጫው?»

አባቷ ይህን ሲጠይቃት ፊቱ በርቶ ነበር። መኪና መሸጫው ግቢ ውስጥ ሁለት ያገለገሉ የናፍጣ መኪኖች ጎን ለጎን ቆመዋል፤ ከመሬት ከፍ ያሉ፣ ጎማቸው ወፋፍራም፣ መልካቸውም ከቀለሙ በቀር አንድ ዓይነት። ልዩነታቸው ከውስጥ ነው። ነጩ አነስ ያለ ሞተር ያለው ማንዋል ነው። ግራጫው ሞተሩ ተለቅ ይላል፣ ካምቢዮውም አውቶማቲክ ነው።

«ነጩ» አለች ልጅቷ፣ ዓይኗን ከጎማው ሳታነሳ። «ነግሬህ የለ? የግራጫው ካምቢዮ አያስተማምንም። ዳገት ላይ ግሎ ቀጥ ይላል። የነዱት ሁሉ ያማርራሉ።»

«ልጅዎ ሥራችንን ልትቀማን ነው!» ብሎ ሳቀ ሻጩ።

«የኔ መካኒክ እሷ ናት» አለ አባቷ በኩራት። «ስለ መኪና ያላነበበችው ነገር የለም። እኔማ መሪ ከመያዝ በቀር ምን አውቃለሁ?»

ልጅቷ ጉንጯ ሲግል ተሰማት። ያማረረ ሰው አልነበረም።

አባቷ ቀያሽ ነው፤ መንገድ ገና ያልደረሰበት ቦታ ስለሚውል ከፍ ያለ መኪና ያስፈልገዋል። ከእሱ ይልቅ መኪናውን የናፈቀችው ግን እናቷ ነበረች። እናቷ አዋላጅ ናት። የግራ ጉልበቷን ቀዶ ጥገና ካደረገች ወዲህ እያነከሰች ነው የምትሄደው። ከተማው ዳር ወዳለው የሥራ ቦታዋ ለመድረስ በየጠዋቱ ታክሲ ትጋፋለች። ማታ ስትገባ ጫማዋን ሳታወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ ጉልበቷን ታሻለች።

እናቷን መንዳት ያለማመዳት የልጅቷ አጎት ነው፣ በራሱ ማንዋል መኪና። አንድ ቀን ከሰዓት፣ ተማሪዎች በሚወጡበት ሰዓት፣ ያቺ መኪና እናቷ እየነዳቻት ልጅቷ የምትማርበት ትምህርት ቤት በር ላይ ሞተሯ ጠፋ። ተነሳች፣ መልሳ ጠፋች። ከኋላ ያሉት ሹፌሮች ጡሩምባቸውን ለቀቁት። እናቷ ቦታዋን ለወንድሟ ልትለቅ ወረደችና እያነከሰች በመኪናዋ ፊት ዞረች።

«ኧረ እዩልኝ!» አለች ወሬ ስለማታቋርጥ ሬዲዮ የሚሏት የልጅቷ የክፍል ጓደኛ። «መኪናዋም እንደ ሴትዮዋ ታነክሳለች!»

ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ። ሬዲዮ ወደ ልጅቷ ዞረች። «ታውቂያታለሽ እንዴ? አንቺን እያየች ነው እኮ።»

«አላውቃትም» አለች። ብላም አላበቃች፣ አብራቸው ሳቀች።

ለሰላምታ የተነሳው የእናቷ እጅ አየር ላይ ትንሽ ቆየ። ከዚያ ፀጉሯን እንደ ማስተካከል ብሎ ወረደ።

ማታ እናቷ ትምህርት ቤቱ በር ላይ የሆነውን አላነሳችም። «ማንዋል ለኔ አልሆነም» ብቻ አለች፣ ራት እያቀረበች። «አውቶማቲክ ከሆነ ግን ይቺ ግራ እግሬ ምን ሥራ አላት? ተዘፍዝፋ ትቀመጣላ!» አባቷ ሳቀ።

በማግስቱ አባቷ የሁለቱን መኪኖች ነገር እንድታጣራ ነገራት። ስልኳን ይዛ የባለቤቶቹን አስተያየት በሙሉ አነበበች። ግራጫው ነዳጅ ትንሽ ይወዳል፣ ካምቢዮው ግን ዘይቱ በጊዜው ከተቀየረለት አያስቸግርም ይላሉ። ስለ ነጩ ደግሞ ቆጣቢነቱን አመስግነው፣ ብዙዎቹ የሚደጋግሙት አንድ ስሞታ ነበራቸው፦ በግራ እግር የሚረገጠው ፍሪሲዮኑ እግር ይገድላል።

ይህንኑ ልትነግረው ወደ ሳሎን ስትገባ አባቷ ቀደማት። «አውቶማቲኩ ከተገኘማ እማዬ ከትምህርት ቤት ትወስድሻለች፤ በር ላይ ነው የምትጠብቅሽ!»

በሩ ላይ የምትስቀው ሬዲዮ ታየቻት። «ግራጫው አይሆንም፣ አባዬ» አለች ወዲያው። የቀረው ውሸት እየተጎተተ ወጣ። የፍሪሲዮኑን ነገር ግን ዋጠችው።

አሁን፣ መኪና መሸጫው ግቢ ውስጥ፣ አብራቸው የመጣችው እናቷ ወደ ነጩ መኪና ተጠጋች። «እስቲ እኔም ልሞክረው» ብላ በሩን ይዛ ቀስ እያለች ሹፌሩ ወንበር ላይ ወጣች። ግራ እግሯን ፍሪሲዮኑ ላይ አድርጋ ረገጠች። ከንፈሯን ነከሰች። ደግማ ረገጠች፤ ፔዳሉ ግማሽ መንገድ ላይ ቀረ። በእጇ ጭኗን ደግፋ እንደገና ስትሞክር ግንባሯ ላይ ላብ ችፍ አለ።

«እንዴት ነው?» አለ አባቷ።

«ደህና ነው። ጥሩ ነው።» ወደ ጎን ዞራ፣ መጀመሪያ ጤነኛ እግሯን አስቀድማ ወረደች። «ዞሮ ዞሮ ላንተ ሥራ ነው። እኔ ታክሲውን ለምጄዋለሁ።»

ከዚያም መጥታ የልጇን ትከሻ አቀፈች። «ጎበዝ፣ እንኳን አነበብሽልን። ያ ግራጫው ዳገት መሃል ጥሎኝ ቢቆም ምን ይውጠኝ ነበር?»

ልጅቷ ትከሻዋ ላይ ያረፈው እጅ ከበዳት። ቢቆጧት ይሻላት ነበር። አባቷና ሻጩ ውሉን ለመፈራረም ወደ ቢሮው ማምራት ጀምረዋል።

«አባዬ፣ ቆይ!»

ሁለቱም ዞሩ።

«ስለ ካምቢዮው ያልኩህ… እንደዚያ አይደለም። ዋሽቼህ ነው።» ድምጿ እየሰለለ ሄደ። «የግራጫው ደህና ነው። ዘይቱ በጊዜው ይቀየር ነው የሚሉት። ከባድ ነው የተባለው የነጩ ፍሪሲዮን ነው። አውቄ ነው የደበቅኩት።»

ሻጩ ንጹሕ የነበረውን የመኪና መስታወት በእጅጌው መወልወል ያዘ።

«ለምን?» አለ አባቷ።

«ነጩ… ቀለሙ ደስ ስላለኝ።»

«ለቀለም ብለሽ?» አባቷ አልጮኸም። «የእናትሽን ጉልበት እያየሽ?» መካኒኳም፣ ልጄም አላላትም። እንደማያውቃት ሰው ትንሽ አያትና ወደ ሻጩ ዞረ። «የግራጫውን ቁልፍ ስጠን እስቲ።»

እናቷ ግራጫውን ግቢው ውስጥ ቀስ ብላ አዞረችው። ከበሩ አጠገብ ያለችው ዳገት ላይ አቆመችና ወደ ላይ አስነሳችው፤ መኪናው ሳይንገጫገጭ ወጣ። ሁለት እጇን መሪው ላይ አድርጋ ስትስቅ ልጅቷ በመስታወቱ አየቻት። እሷ ግን አንገቷን ደፍታ ግድግዳው ሥር እንደቆመች ነበረች።

መኪናው አጠገቧ መጥቶ ቆመ። «ግቢ» አለቻት እናቷ።

ጋቢና ገባች። አባቷና ሻጩ ከኋላ ሆነው ከጭስ ማውጫው የሚወጣውን ጭስ ቀለም ያያሉ። ድምፃቸው በተከፈተው መስኮት ይሰማል።

እናቷ ፊት ለፊት እያየች «ለቀለም አይደለም» አለች። ጥያቄ አልነበረም።

ልጅቷ እናቷን ታውቃታለች። «ለቀለም ነው» ብትላት አምና ትቀበላታለች፣ ወይም ያመነች ትመስላለች። ከዚያ በኋላ ነገሩን መቼም አታነሳባትም። አባቷም እስከ ማታ ይረሳዋል። ሁሉም ነገር እዚሁ ግቢ ውስጥ ሊያልቅ ይችላል።

የመስኮቱን ቁልፍ ተጭና መስታወቱን እስከ ላይ ዘጋችው።

«አይደለም» አለች። «ልንገርሽ። ግን እማዬ፣ እስክጨርስ አታቋርጪኝ። ካቋረጥሽኝ አልጨርሰውም።»

እናቷ ሞተሩን አጠፋችው።