ጌታው መሞቱ ያልተነገረው ፈረስ

እንዲህ ዓይነት ወሬ ሲወራ ከሚስቁት ወገን ነኝ፣ ባለቤቴን ጠይቋት፣ ቡዳ ሲባል ሆዴን ይዤ ነው የምስቀው። ግን ስሙኝማ፣ ይሄኛው በራሴ የደረሰ ነው።

ትውልዴ አዊ ነው። በየዓመቱ ለጥር ጊዮርጊስ ፈረሰኛው ሜዳ ሞልቶ ይጋልባል፤ የበዓሉ አጀማመር ሲወራ፣ ጌታው ጦር ሜዳ የቀረበት አንድ ፈረስ ብቻውን ተመልሶ፣ ሣር ውሃ አልቀምስም ብሎ፣ ደጅ ለደጅ ሲፈልገው ከረመ፣ በመጨረሻ የጌታው የበኩር ልጅ ሜዳ አውጥቶ በጆሮው «ጌታህ ሞቷል» ሲለው ነው ፍለጋውን የተወው ይባላል። እናም እኛ ቤት ባለፈረስ ሲሞት፣ በዚያ በዓል ለፈረሱ የሚነግረው የበኩር ልጅ ነው፣ ሌላ ሰው አይሆንም።

አባቴ ባለፈው ክረምት አረፈ። የበኩር ልጁ እኔ ነኝ። ታናሼ ደውሎ «ጋሼ፣ የአባባ ፈረስ፣ ዳማው፣ አንተን እየጠበቀ ነው እኮ» ሲለኝ፣ «ሥራ በዛብኝ» አልኩት። ውሸቴን ነው፣ ሆዴን የሚበላኝም እሱ ነው፤ በበዓሉ ዕለት ከቢሮ ልጆች ጋር እንጦጦ ልንናፈስ ወጣን።

ስለሚበርድ የአባቴን ጋቢ ደርቤ ነበር። ከኪዳነ ምሕረት በላይ፣ ባሕር ዛፉ መሀል ከጓደኞቼ ትንሽ ወደ ኋላ ስቀር የልጓም ቃጭል ሰማሁ፣ የሚከራዩት ፈረሶች ናቸው ብዬ መንገዴን ቀጠልኩ። ስሄድ ይሄዳል፣ ስቆም ይቆማል። እመኑኝ፣ ሞቅ ያለ ትንፋሽ ማጅራቴ ላይ አረፈና የጋቢዬ ጫፍ ተጎተተ፤ ዞር ስል ማንም የለም።

ወዲያው ፈረስ የሚያከራዩ አንድ አዛውንት ከታች ብቅ አሉ።

«ልጄ፣ ያንን ዳማ ለምን ልጓሙን አትይዘውም? ይጠፋብሃል» አሉኝ።

«የቱን ዳማ፣ አባቴ?»

በትከሻዬ አሻግረው አዩ፣ ከዚያ አማተቡ። «አሁን ጋቢህን ሲያሸት አልነበር እንዴ?»

እዚያው ቆሜ ለታናሼ ደወልኩ። «ጋሼ፣ ዳማው ጠዋት ሜዳው ላይ ገመዱን በጥሶ ጠፋ፣ እየፈለግነው ነው» አለኝ።

እስከ ዛሬ አልተገኘም። መሪ ሰፈር ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው የምንኖረው፣ ሊነጋ ሲል ደረጃው ላይ ኮቴ ይሰማኛል፣ ባለቤቴ «ጎረቤት ነው፣ ተኛ» ትላለች፤ በራችን ጋ ሲደርስ ይቆማል። ተነስቼ አፌን ወደ በሩ አስጠጋለሁ። ሁለት ቃል ብቻ ናት፣ ግን ለእሱ ስነግረው እኔም መስማቴ ነው፣ አልወጣ ትለኛለች። እሱም ይጠብቃል።