ቀይ ሻርፕና ደጅ የቀረችው ወፊቱ

ልጆች፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። አንተ ከኋላ ያለኸው፣ ጓደኛህን መቆንጠጡን ተውና ስማኝ። ዛሬ የምነግራችሁ ነገር እስካሁን ደሜን ያፈላዋል። ድምፄ ከፍ ካለ በእናንተ ተቆጥቼ አይደለም።

አንዲት ልጅ ነበረች። ዕድሜዋ አስር ዓመት ነው። እጇም እግሯም ፈጣን ስለሆነ ሰው ሁሉ ቀልጣፌ ይላታል። አባቷ ብስክሌት ጠጋኝ ነው። ቤታቸው ከሱቁ ጀርባ ያለች አንዲት ክፍል ናት፤ ግድግዳው ላይ አሮጌ ጎማ ተሰቅሏል፣ አልጋዋ አጠገብ ሳይቀር ግራሶ ይሸታል። ቀልጣፌ ከተላከች ምራቅ ሳይደርቅ ትመለሳለች። ጎበዝ ናት። አንድ አመል ግን ነበረባት፤ መቅደም ትወዳለች። ወረፋ ላይ ትቀድማለች፣ ደረጃ ላይ ትቀድማለች፣ ጸሎት ላይ እንኳ «አሜን» የምትለው ጸሎቱ ሳያልቅ ነው።

የልብ ጓደኛዋ ወፊቱ ትባላለች። ወፊቱ ያሏት ድምጿ ስለሚያምር ነው። እግሮቿ አይሄዱም፤ የምትንቀሳቀሰው በተሽከርካሪ ወንበር ነው። የሰንበት ትምህርት ቤታቸው በር ላይ ደግሞ ረጃጅም ደረጃ አለ። የወፊቱ አባት ዕቃ ተሸካሚ ናቸው፤ እሁድ እሁድ መጀመሪያ እሷን አዝለው ያስገባሉ፣ ከዚያ ተመልሰው ወንበሩን ያመጣሉ። አንድ ቀን ሥራ ላይ ከባድ ዕቃ ሲያነሱ ወገባቸው ተጎዳ። ከዚያ ወዲያ ወፊቱ ቀረች።

የወላጆች ቀን እየደረሰ ነበር። በዚያ እሁድ መዝሙሩን ብቻዋን የምትመራው ወፊቱ ናት። ቤቷ ቁጭ ብላ ታለቅሳለች። ቀልጣፌ ሮጣ ሄደች።

«አይዞሽ! ደረጃው ላይ በድንጋይና በሲሚንቶ ተዳፋት መንገድ እንሠራለን። ወንበርሽን ራስሽ እያሽከረከርሽ ትገቢያለሽ።»

«ማንም ሳያዝለኝ?»

«ማንም ሳያዝልሽ።»

«ሙች በይኝ።»

«ሙች!» አለቻት።

መማል እንደማይገባ ታውቃላችሁ። እሷም ታውቃለች። ግን ማለች፤ ወፊቱም አመነቻት።

የሰንበት ትምህርት ቤቱ ልጆች በሙሉ በደስታ እሺ አሉ። አንድ ግንበኛ ሊያሠሩአቸው መጡ። ሲሚንቶ ተለመነ፣ ተገኘም። «ለእሁድ እንዲደርቅ ረቡዕ ማለቅ አለበት» አሉ ግንበኛው። እስከዚህ ድረስ እሰይ የሚያሰኝ ነበር።

አሁን ነው ነገሩ የሚበላሸው። የሰንበት ትምህርት ቤቱ ሰብሳቢ ትልቅ ቢሮ ውስጥ የሚሠራ ሰው ነው። መጣና ልጆቹን በሦስት ክፍል ከፈላቸው፤ ውሃ ቀጂ፣ ድንጋይ አመላላሽ፣ አሸዋ ነፊ። ከዚያ የመጣው ሁሉ በጭረት የሚቆጠርበት ሰሌዳ አቆመ።

«በመሥሪያ ቤታችን እያንዳንዱ ክፍል የራሱ ግብ አለው!» አለ እጁን እያወናጨፈ። «እዚህም እንደዚያው ነው። ከሁሉ ብዙ ያመጣው ክፍል የወላጆች ቀን ፊት ይቀመጣል። የክፍሉ አለቃ ደግሞ ይህን ይሸለማል።» ቀይ ሻርፕ አወጣና አውለበለበ።

ወፊቱ የምትባል ልጅ መኖሯ ትዝ አላለውም። ሰሌዳው ላይ ውሃ ተጽፏል፣ ድንጋይ ተጽፏል፣ አሸዋ ተጽፏል። የወፊቱ ስም የት አለ? የለም! ኧረ እንዴት ያለ ነገር ነው?

ቀልጣፌ የውሃ ቀጂዎቹ አለቃ ሆነች። ሻርፑን ስታይ ዓይኗ ሌላ ነገር ማየት ተወ። ግቢው ውስጥ ያለው የእጅ ጋሪ አንድ ብቻ ነበር፤ ቀድማ ያዘችው። የድንጋይ ክፍል አለቃ ጉልቤው የሚሉት ልጅ ነው። ላቡን እየጠረገ መጣ።

«ጋሪውን ስጪን እንጂ። ትልልቁን ድንጋይ በእጃችን አልቻልነውም።»

«ድንጋይ የእናንተ ነው፤ እኔን ምን አገባኝ?»

ጉልቤውም ተናደደ። ግንበኛው «ትልልቅና ጠፍጣፋ ድንጋይ አምጡ» ብለውት ነበር። እሱ ግን ኪስ ውስጥ የሚገባ ጠጠር ማስለቀም ጀመረ። ቶሎ ይበዛላ! አሸዋ ነፊዎቹም አልተሻሉም። ክምራቸው ትልቅ እንዲመስል መንገዱ የሚሠራበት ቦታ ላይ፣ በሩ ሥር ከመሩት። ሁሉም ይሯሯጣል፣ ሁሉም ይጮኻል፣ ሰሌዳው በጭረት ሞላ። ያየ ሰው «እነዚህ ልጆች ተባረኩ» ይላል።

ማክሰኞ ከሰዓት በርሜሉ ሞላ። ግንበኛው ወደ ሌላ ሥራቸው ሊሄዱ ሲሉ «ቀልጣፌ፣ ውሃው በቅቷል። አሁን ድንጋይ አግዟቸው፤ ነገ በጠዋት እንጀምራለን» አሏት።

«እሺ ጋሼ» አለች። እሺ ያለችው በአፏ ነው። ድንጋይ ብታግዝ የሚቆጠረው ለጉልቤው ነዋ! እሳቸው ከበር ሲወጡ ጠብቃ «ቅዱ!» አለች። ቀዱ። ሞልቶ በፈሰሰው በርሜል ላይ ደፉ፣ ጭረት ተጨመረላቸው፤ ደግመው ደፉ፣ ደግሞ ተጨመረላቸው። ውሃው መሬት ለመሬት ሄደ። ግድግዳው ሥር ወደተደረደረው ሲሚንቶ ሄደ።

አንዲት አሸዋ ነፊ አየችው። «ሲሚንቶው ሊረጥብ ነው» አለች ለጓደኛዋ።

«ሲሚንቶ የማን ክፍል ነው?»

«የማንም አይደለም።»

«እንግዲያው ተይው፤ ንፊ።»

ሰማችሁ? የማንም አይደለም! ወንፊቷን ማወዛወዝ ቀጠለች።

ቀልጣፌም አይታለች። ይህ ነው የሚያንገበግበኝ። ውሃው የመጀመሪያውን ከረጢት ሲነካ በዓይኗ በብረቱ አይታለች። ጀሪካኑን አስቀምጣ ከረጢቶቹን ልታነሳ እጇን ዘረጋች። ልቧ «አንሺ፣ አንሺ» አላት። ከዚያ ሰሌዳውን አየች። የጉልቤው ጠጠር ሊደርስባት ነው። እጇን ሰበሰበችና ጀሪካኑን አነሳች።

ረቡዕ ጠዋት ግንበኛው ከረጢቱን ሊቀድዱት ሲሉ አልቀደድ አለ። በእግራቸው መቱት፤ ድንጋይ ሆኗል። ሁለተኛውንም፣ ሦስተኛውንም እንደዚያው። ደረጃው ሥር የአሸዋ ተራራ፣ አጠገቡ የጠጠር ቁልል አለ፤ አንድ እንኳ ጠፍጣፋ ድንጋይ የለም።

«ማነው እንዲህ ያደረገው?» አሉ።

የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ሆነ። ጉልቤው ወደ ውሃ ቀጂዎች ጠቆመ፤ ውሃ ቀጂዎች ወደ አሸዋ ነፊዎች ጠቆሙ። ቀልጣፌ ከልጆቹ ኋላ ተሸሸገች። ግንበኛው መዶሻቸውን በቦርሳቸው ከተው ወጡ።

እሁድ ደረሰ። ወላጆች አዳራሹን ሞሉት። ሰብሳቢው ሱፉን ለብሶ መድረክ ላይ ወጣና ምን ቢል ጥሩ ነው? «እያንዳንዱ ክፍል ግቡን ከእቅድ በላይ አሳክቷል!» አለ። መንገድ የለም እኮ! ጭብጨባው ግን ቀለጠ። ቀይ ሻርፑን ለቀልጣፌ አንገት ላይ ጠመጠመላት። ፊት ወንበር ላይ፣ ከአባቷ አጠገብ ተቀመጠች። አንገቷ ላይ አሳከካት።

አባቷ ጎንበስ ብሎ «የምን ሽልማት ነው፣ ልጄ?» አላት።

«አሸነፍን አባዬ። በውሃ።»

«እሰይ። ወፊቱስ የታለች? ዛሬ ራሴን ችዬ እገባለሁ ብላ ትናንት ጎማዋን አስነፍታኝ ነበር።»

ቀልጣፌ ብድግ ብላ ወደ በሩ ሄደች።

ወፊቱ ደረጃው ሥር ነበረች። አዲስ ቀሚስ ለብሳለች፣ ጸጉሯ ተሠርቷል። የሚገፋት ሳያስፈልጋት ራሷን እያሽከረከረች መጥታ የአሸዋው ክምር አጠገብ ቆማለች። እናቷ ከኋላዋ ናቸው። ከወላጆቹ መካከል ሁለት አባቶች ወርደው «ነይ እናንሳሽ» ይሏታል።

«አይሆንም» አለች ወፊቱ። «ማንም ሳያዝልሽ ትገቢያለሽ ተብያለሁ። ዕቃ አይደለሁም።»

ከዚያ ቀና ብላ ቀልጣፌን አየቻት። ሻርፑንም አየችው።

«ምን አሸንፈሽ ነው?»

«ውሃ... ብዙ ውሃ ቀድተን። ሲሚንቶውን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ሲረጥብ እያየሁ ዝም አልኩ።» አለችና እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

ወፊቱ አላለቀሰችም። ተቆጣች። ትቆጣ እንጂ፣ ለምን አትቆጣ!

«ውሃውን ቆጠራችሁ፤ ድንጋዩን ቆጠራችሁ፤ አሸዋውን ቆጠራችሁ። እኔን ማን ቆጠረኝ?» አለች። ወንበሯን አዙራ ሄደች።

በዚያ ቀን መዝሙሩን የመራ የለም። መጽናኛ ብዬ ሌላ ነገር አልነግራችሁም፤ የተበላሸ ነገር አንዳንዴ ለዚያ ቀን እንደተበላሸ ይቀራል።

ቀልጣፌ ተመልሳ ገባች። ሻርፑን ከአንገቷ አወለቀች። መድረኩ ላይ ወጥታ ያየችውን፣ ያደረገችውንና የደበቀችውን ሁሉ በሰው ፊት ተናገረች። ጉልቤው ተነስቶ «ጠጠር ያስለቀምኩት እኔ ነኝ» አለ። አሸዋ ነፊዋም ተነሳች። ሰብሳቢው ሱፉ ውስጥ አነሰ። በማግስቱ አዲስ ሲሚንቶ ከራሱ ኪስ ገዝቶ አመጣ። ይበለው አልልም፤ ልቤ ግን ብሎታል።

ቀልጣፌ ግንበኛውን ቤታቸው ድረስ ሄዳ ይቅርታ ጠየቀች፤ መጡላቸው። ሰሌዳውን በእርጥብ ጨርቅ ጠረገችው። ትልቅ አድርጋ አንድ ነገር ብቻ ጻፈች፦ «ወፊቱ ገባች?» ከሥሩ የክፍል ስም የለም፣ ጭረት የለም።

ሥራው ተለወጠ። በርሜሉ ሲሞላ ውሃ ቀጂዎቹ ጀሪካናቸውን አስቀምጠው ወደ ድንጋይ ሄዱ። ጋሪው ከባድ ነገር ወዳለበት ሄደ። ዳመና ሲመጣ ሲሚንቶውን ለመሸፈን አለቃ የጠበቀ የለም፤ ቅርብ የነበረው ሸፈነው። ማን ምን ያህል እንዳመጣ ዛሬ ብትጠይቁ የሚያስታውስ አታገኙም።

መንገዱ ደረቀ። በሚቀጥለው እሁድ ቀልጣፌ ወፊቱ ቤት ሄዳ በር ላይ ቆመች።

«ቃሌን አፍርሼ ነበር። አሁን ነይና ራስሽ እዪው።»

ወፊቱ «ካልሆነ እመለሳለሁ» ብላ ወጣች።

ጠዋት ዘንቦ ስለነበር ጎማዎቹ ጭቃ ይዘዋል። ተዳፋቱ ሥር ሲደርሱ ቀልጣፌ ቀዩን ሻርፕ ከኪሷ አወጣች፣ ተንበረከከችና ጎማዎቹን አንድ በአንድ ጠረገችበት። ማንም አልገፋም፣ ማንም አላዘለም። ወፊቱ ጥርሷን ነክሳ አሽከረከረች፣ ወጣች፣ ገባች። ልጆቹ ተከትለው ገቡ። ቀልጣፌ የመጨረሻዋ ነበረች። ወፊቱ ዘመረች፣ ጸሎት ተደረገ፣ «አሜን»ንም ቀልጣፌ ከሁሉም ጋር እኩል አለችው።

ልጆቼ፣ አብራችሁ ስትሠሩ የሁላችሁም ግብ አንድ ይሁን፤ የምትሠሩለት ሰው ደጅ ከቀረ፣ ያሸነፈ የለም።